ከምንጩ የተቀዳው ውሃ

«እሱ እኔን መቼ ጠበቀኝና ነው ዛሬ እኔ የምሮጥለት?» አለ ጃግናራያን፣ ሊጡን የባላንጣ አንገት ይመስል እየጨመቀ።

«እየሞተ እኮ ነው፣ የጎፓል አባት!» ሚስቱ ፉልዋቲ በልጃቸው ስም ጠርታው፣ ኩበቱን እፍ ማለቷን ትታ ቀና አለች። «ከአልጋ አውርደው መሬት ላይ አስተኝተውታል። ከዚያ ወዲያ ምን ቀረው?»

«ስእለት ላይ ነኝ። ወንዝ አልሻገርም።»

«አትሻገርም ወይስ አትፈልግም?»

ሊጡን ይበልጥ ጨመቀው።

ወሬውን ያመጣው ቀዛፊው ማንግሉ ነበር። የጃግናራያን ታላቅ ወንድም ሁካም ማዶ ባለችው መንደር እያጣጣረ ነው። የመሰናበቻዋን ውሃ ከንፈሩ ላይ ጠብ ሊያደርጉለት ቢሉ ጥርሱን ነክሶ፣ «ከታናሼ እጅ ካልሆነ አልቀምስም» ብሏል። ያቺን ውሃ ሳይቀምስ የሄደ ሰው ጥሙን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ይህን የማያውቅ የለም።

ባልና ሚስቱ ግን ተጓዦች ናቸው። ነጭ ለብሰው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ቅድስቲቱን ወንዝ፣ እናት ናርማዳን፣ በቀኛቸው አድርገው ሊዞሯት ከምንጯ ከተነሡ ሁለት ክረምት አልፏል። ዙሩን ሳይጨርስ ውሃዋን የተሻገረ ሰው የሄደው መንገድ ሁሉ እንዳልሄደው ይቆጠራል። ጃግናራያን በገዛ እጁ ከምንጩ የቀዳው ውሃም በትንሽ ብልቃጥ አብሯቸው ይጓዛል። ጠዋት ማታ አበባ ያኖሩለታል፤ መንገዱ ሲያልቅ ለእናትየዋ መልሰው ያፈሱላታል።

«አባቴ የሞተ ቀን…» ብሎ ጀመረ ጃግናራያን።

«አውቀዋለሁ።»

በቃሏ ታውቀዋለች። ያን ቀን አውቶብሱ መንገድ ላይ ተበላሸ፤ ጃግናራያን እየሮጠ ሲደርስ አባቱ አመድ ሆኖ ጠበቀው። ፀሐይ ከጠለቀች የሬሳ ማቃጠያ እሳት አይለኮስም። ሁካም የታናሹን መምጫ ሲያይ ሲያይ ቆይቶ፣ ፀሐይዋ ስታቆለቁል ለኮሰ። «ሥርዓት ነው» ነበር ያለው። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ከአንድ ማሰሮ ውሃ አልጠጡም።

«ያኔ እሱ ሥርዓት ነው አለህ» አለች ፉልዋቲ ቀስ ብላ። «ዛሬ አንተ ሥርዓት ነው ትለዋለህ። የአንድ እናት ልጆች መሆናችሁ ያስታውቃል።»

ጃግናራያን ሊጡን ሳህኑ ላይ ጥሎት ተነሣ። «ባባ ይፍረዱን!» ብሎ እሳቸው ወደሚቀመጡበት ዋርካ ገሰገሰ።

ባባ ተጓዦቹ ያረፉበት ቤት መምህር ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት፣ «ደስታ ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ የቤት ሰው ነው። መቀመጫውን ቂም ስለያዘበት ነው ደጅ የቆመው» ብለው ሲያስተምሩ፣ ከሁሉ ይልቅ ራሱን የነቀነቀው ጃግናራያን ነበር። ፉልዋቲ አይታዋለች።

ተጓዡ ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ።

«ስእለት ስእለት ነው!» አሉ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ። «አንዷን ካስማ ንቀል፣ ድንኳኑ እላይህ ላይ ነው።»

«ኧረ ወዲያ!» አለች አንዲት ወፍራም መበለት። «የትኛዋ እናት ናት ልጇን ወንድምህን አትሰናበት የምትል? እናት ናርማዳን እኮ ኬላ ጠባቂ አደረጋችኋት!»

ሰው ሳቀ። ጃግናራያን አልሳቀም።

«ባባ፣ ልሻገር ወይስ አልሻገር? ጽድቁ የቱ ነው? እሱን ይንገሩኝ!»

ባባ ቀና ብለው አዩት። «ስእለቱ እግርህን አስሮታል፤ ይሁን። ልብህንስ ማን አሰረው?»

«ይኸው! ሲጠየቁ ይጠይቃሉ!» አሉ ዳኛው፤ ክርክሩ እንደገና ነደደ።

ከታች ከወንዙ ዳር የማንግሉ ድምፅ ተሰማ። «ማዶ! ማዶ! የዛሬ መጨረሻ ነው!»

ፉልዋቲ ፀሐይዋን አየች። አቆልቁላለች። የተሰነጣጠቀ ተረከዟን አየች። ብትሻገር ያ ሁሉ እሾህና ሐሩር ከንቱ ነው። ብልቃጡን ከወሰደች ደግሞ የእሱንም መንገድ ይዛበት ሄደች ማለት ነው፤ ይቅር አይላትም። ጃግናራያን ቂም መያዝ ሲችልበት ከእሷ በላይ ያየ የለም።

ምርኩዟን ከግድግዳው ጋር አስደገፈችው። የአበባ ጉንጉኑን ከብልቃጡ አንገት አውልቃ ብልቃጡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከመሰናበቻዋ ውሃ ጋር የሚሰጠውን የበሶብላ ቅጠል ከግቢው ጥቂት ቀጥፋ ወደ ወንዙ ወረደች።

ማንግሉ ነጭ ልብሷን ሲያይ መቅዘፊያውን ከውሃው አወጣ። «አይሆንም፣ እናቴ። ተጓዥ ያሻገረ ኃጢአቱ ለእሱም ይተርፈዋል።»

«የአንተንም እኔ ልሸከመው። ቅዘፍ።»

«ባለቤትዎስ?»

«ስለ ጽድቅ እየተከራከረ ነው።»

ማንግሉ ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ሰውየው እንደሆነ ከወንድሜ እጅ ካልሆነ ብሏል፤ ከእርስዎ እንዴት ይቀበላል?»

ቋጠሮውን ዳሰሰችው። «ወንድምህ በእጁ የቀዳው ውሃ ነው እለዋለሁ። ውሸት አይደለም።»

ማንግሉ ዋርካውን አየ፤ ፀሐይዋን አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋላት። አንድ እግሯን ጀልባው ላይ፣ አንዱን ጭቃው ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች፤ በመጨረሻ ጭቃው ላይ የቀረውን አነሣችው።

ዋርካው ሥር ዳኛው ጣታቸውን ቀስረው ተነሥተዋል፤ መበለቲቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትመልስላቸዋለች። ጃግናራያን በመካከላቸው ቆሞ፣ ፊቱ ወደ ባባ፣ ጀርባው ወደ ወንዙ፣ አባቱ የሞተ ቀን አውቶብሱ የት ላይ እንደተበላሸ እየተረከ ነበር። እሳቱ አጠገብ ሊጡ ሳህኑ ላይ መድረቅ ጀምሯል።