ለሁለት የደረሰ ኮት

በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. መስከረም ላይ በደብረ ታቦር ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት የታይፕ ጸሐፊዎች ሊቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። ውብአለም ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከገጠር፣ ከገሳይ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች። ታይፕ ያስተማሯት አከራይዋ እትዬ ጸዳለ ናቸው፤ ሃያ ዓመት በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት።

በፈተናው ዋዜማ እትዬ ጸዳለ፣ "ነገ ምን ልትለብሺ ነው?" አሏት።

ክርኑ ላይ የተጣፈ ቀሚሷን አየችና፣ "ያለኝ ይኸው ነው፣ እትዬ" አለች።

ሴትዮዋ ሳጥናቸውን ከፍተው ሰማያዊ ኮት ከነጉርዱ አወጡ። "ለእኔ ከጠበበኝ ሰነበተ። ብል ከሚበላው አንቺ እንጀራ ብይበት። ውሰጂው፣ ያንቺ ነው።"

ጉርዱ ሰፋት። ተያይዘው ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ጋሼ ዘውገ ሮጡ። ጋሼ ዘውገ የጀመሩትን የሙሽራ ሱሪ ወደ ጎን አደረጉና፣ "ሠርጉ ለጥር ነው፤ ሙሽራው ይታገሥ" ብለው ወገቡን እዚያው አጠበቡላት።

በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ በር ስትደርስ ዘበኛው ብድግ ብሎ፣ "ይግቡ እመቤቴ!" አላት። ሣቋን ዋጥ አድርጋ ገባች። ታይፑ መንጫጫት ሲጀምር ፍርሃቷ በአንዴ ለቀቃት።

ጨርሳ ስትወጣ በሩ ላይ አንዲት ልጅ ታለቅሳለች። ፈንታነሽ ትባላለች፤ ከአንበሳሜ ስትመጣ መኪናው ጭቃ ይዞት ከሰው ጋር ስትገፋ ልብሷ እስከ ደረቷ ተለውሷል።

"ዘበኛው በዚህ ጭቃ አትገቢም አለኝ። ስሜ ሊጠራ ሁለት ሰው ነው የቀረው!"

ውብአለም አንድ አፍታ አመነታች። ልጅቷ ተፎካካሪዋ ናት። ወዲያው ግን እጇን አፈፍ አድርጋ በሩ አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ጀርባ ወሰደቻት። እየሣቁ ልብስ ተለዋወጡ። ፈንታነሽ ረዘም ስለምትል የኮቱ እጅጌ አጠራት።

"ወደ ላይ ሰብስቢው፤ ለታይፕ ይመቻል። ሩጪ!"

ፈንታነሽ ስትገባ የፈተናው ሰብሳቢ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጓዲት፣ ይህን ኮት ቅድም ያየሁት መሰለኝ።"

"አይተውታል፣ ጓድ። የኮቱ ባለቤት የእኔን ጭቃ ለብሳ ውጭ እየጠበቀችኝ ነው።"

ሰብሳቢው በመስኮት ሲያዩ ውብአለም በብርድ እየዘለለች ነበር። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። "በሉ፣ ወረቀት ስጧት" አሉ ሰብሳቢው።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱ ተለጠፈ፤ ፈንታነሽ አንደኛ፣ ውብአለም ሁለተኛ። እልልታቸውን ሲያቀልጡት ዘበኛው ሳይቀር አጨበጨበ።

እትዬ ጸዳለ የሆነውን ሁሉ ሰምተው ፊታቸውን ወደ ልብስ ሳጥናቸው አዞሩ።

ውብአለም ደንግጣ፣ "ተቆጡኝ እንዴ?" አለች።

"በራሴ ነው የተቆጣሁ። ስንቷ ልጅ በር ላይ ቀርታ ይሆን፣ እኔ ልብስ ቆልፌ ተቀምጬ?"

እሑድ በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ቆመው ይህንኑ ተናገሩ። ንግግራቸውን ገና ሳይጨርሱ አንዲት መምህርት ከኋላ ተነሣች፤ የለበሰችውን ቡናማ ኮት ቁልፍ እየፈታች፣ "ለማን ነው የምሰጠው?" አለች።