የባንቺአየሁ ቅኝት

«ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ማን ሊመጣልህ ነው?» አለች ባንቺአየሁ፣ የመድረኩን ምንጣፍ እየጠቀለለች። «ዓምናም እንዲሁ ብለኸኝ ከቀትር ጀምሮ ከፍተን፣ ሦስት ሰው ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ዋለ። አንዱማ ዘፈኑን ቀንሱልኝ፣ ስልክ እያወራሁ ነው አለኝ።»

«እሱን አትቁጠሪው» አለ በላቸው።

«እሱን ካልቆጠርኩ ሁለት ቀሩ፣ አያ በላቸው።»

በላቸው ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ነበር። «ምነው፣ ቅዳሜ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተን ብንዘጋው? እንደ ሱቅ በር ዝም ብለን ጎትተነው እንሂድ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው።»

«ቁልፉን ዛሬ ለእንኳየሁ እሰጣለሁ ብያለሁ። ሱቅ ልታደርገው፣ ሴራሚኳን ልታስገባ ነው።»

አዝማሪ ቤቱ ከጎንደር ፒያሳ ጀርባ ነው። ሲከፈት አራት ዱካና አንድ ፍሪጅ ነበረው። በሁለት ዓመት ውስጥ ግድግዳው ፈርሶ የጎረቤቱን ክፍል ጨመረ፤ መንገዱም ግራና ቀኝ የአዝማሪ ቤት ሆነ። በጥምቀት ሰሞን ቦታ ያጣ ሰው ደጅ ቆሞ ግጥም ሲሰጥ፣ ባንቺአየሁ በመስኮት በኩል ትቀበለው ነበር። ከዚያ በሽታው መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ የሰዓት እላፊው መጣ። አዝማሪ ቤት ሰው ሞቅ የሚለው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሁሉም ቤቱ ገብቶ መዝጋት አለበት። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ የስልክ መጠገኛና የልብስ ሱቅ ሆኑ።

በላቸው ይህን ሁሉ ያውቃል። እሱን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፤ ቤቱ ከተዘጋ ባንቺአየሁን በምን ሰበብ ያገኛታል? በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማሲንቆ ሳይዝ ያወራት ቀን ትዝ አይለውም።

«እሺ፣ አሁን አንድ እንጫወት» አላት። «ሸጋ ሆኖ ከወጣ ቅዳሜን እናስብበታለን።»

ወደ በሩ አየች። «አንድ ብቻ» አለችና የጠቀለለችው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች።

ወጋቸው የታወቀ ነበር። አስቀድማ ባንቺአየሁ በጉሮሮዋ ታንጎራጉራለች፤ በላቸው የማሲንቆውን ጭራ በእሷ ድምፅ ልክ ይቃኛል። ዛሬ ግን አልጠበቃትም። አብረው ከተጫወቱ ስምንት ወር ቢያልፍም ልኩን ጆሮው ያውቀዋል፤ እቤቱ ብቻውን ሲሆን የሚቃኘውም በዚያው ነው። ጭራውን ወጠረ፣ በደጋኑ ገዘገዘውና ገባላት።

ባንቺአየሁ ተከተለችው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ።

«ዝቅ አድርገው» አለች እየሳቀች።

አላላው።

«አሁንም።»

እንደገና አላላው። ጭራው ከመርገቡ የተነሳ ደጋኑ ሥር ይንሸራተት ጀመር። ባንቺአየሁ መሐል ላይ አቆመች። አልተቆጣችም።

«የማንን ድምፅ ነው የምትቃኝ፣ አንተ?» አለችው ዝግ ብላ። «ይቺ እኮ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የነበረችዋ ናት።»

ያንቺኑ ነው ሊል ፈልጎ ነበር። «ጭራው አርጅቷል» አላት። ጭራው አዲስ ነበር፤ ንጣቱ ይታያል።

«ይሆናል» አለች ባንቺአየሁ።

ቅዳሜን ሁለቱም አላነሱትም።

እንኳየሁ ሁለት የቀን ሠራተኞች አስከትላ፣ ሜትር በእጇ ይዛ ገባች። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና መድረኩን በእግሯ መታ መታ አደረገችው።

«ይፈርሳል አይደል?» አለች ባንቺአየሁ።

«ኧረ ይቆይልኝ። የእጅ መታጠቢያዎቹን አቆምበታለሁ። ከመንገድ ይታያሉ።»

«ከእኔ በላይ ይታያሉ በያ።»

«አንቺ ደግሞ፣ እነሱ ሲሰበሩ ነው የሚጮሁ።»

ባንቺአየሁ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንኳየሁ የሜትሩን ጫፍ አስያዘቻትና ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ሄደች። በላቸው ማሲንቆውን በነጠላው ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገው። የተዘረጋው ሜትር መተላለፊያውን ዘግቶት ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አለፈና ወጣ።

«ሰባት ሜትር ከሃያ» አለች እንኳየሁ።

«ቆይ፣ ረግቧል» አለች ባንቺአየሁ። «ጎተት አድርጊው።»