ያልተነካው ብሎን

ሰብሳቢ ሲባል ጠባዩ ግራ ነው፤ የእንግሊዟ በርሚንግሃም የአየር ሽጉጥ ሰብሳቢዎች ደግሞ ይብሳሉ! በወር አንድ እሁድ አዳራሻቸው ሲገናኙ፣ አንዱ የሌላውን አሮጌ፣ በአየር ግፊት የሚተኩስ ሽጉጥ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያየው አፈሙዙን አይደለም፤ የእጀታውን ብሎን ነው። ብሎኑ ካቻቢቴ የጫረው ከሆነ «ተነክቷል» ብለው መልሰው ያስቀምጡታል። ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ ማንም ያልፈታው ከሆነ ግን ባለቤቱ በኩራት ምድር አይበቃውም።

ከሁሉም የባሰ ኩሩው ሚስተር ባግናል ነበር። ሰባውን አልፏል፤ ምላሱ እሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራ ሽጉጡን እንኳን ሊፈታው፣ አቧራውን የሚጠርገው ትንፋሹን ውጦ ነው።

ሌናርድ ፒኖክ ያንን ሽጉጥ ካየ ወዲህ ዓይኑን ሊነቅልበት አልቻለም። እናቱ ዊኒ በዚያ ዘመን ሽጉጡ የተሠራበት ፋብሪካ ውስጥ የእጀታ እንጨት ትገጥም ነበር። እንጨቱን ከመግጠሟ በፊት በውስጥ በኩል ስሟን በእርሳስ ትጽፍበት እንደነበር አክስቱ ነግራዋለች። ሌናርድ ሁለት ዓመት እንዳለፈው፣ በጦርነቱ፣ የጀርመን ቦምብ እሷንም ቤቱንም በላ። ፎቶ የለ፣ ደብዳቤ የለ። ሌናርድ ሃያ ዓመት ሙሉ የዚያን ጊዜ ሽጉጥ እየገዛ አሥራ አንድ ፈታ፤ በአንዱም ውስጥ የእናቱ ስም የለም። የሰውን ያልተነካ ሽጉጥ ፍቱልኝ ማለት ደግሞ በእነሱ ዘንድ ከነውር ይቆጠራል።

ያን እሁድ ግን አላስችል አለው።

«ሚስተር ባግናል፣ አንድ ነገር ልለምንዎት፤ አይቆጡኝ» ብሎ ጉዳዩን ዘረገፈው።

ሽማግሌው ሻዩን አስቀመጠ። «አብደሃል እንዴ? ስድሳ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው! ማንም አልነካውም እኮ!»

«አውቃለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አፌ ነው።»

«አፍህስ ደህና ነው» አለና ባግናል ካቻቢቴ ከኪሱ አወጣ። «ቁጭ በል። እኔው እፈታዋለሁ፤ አንተን አላስነካህም።»

ሰብሳቢዎቹ ሁሉ ከበቧቸው። የእጀታው የግራ ጎን ብሎን እሺ ብሎ ተፈታ። እንጨቱ ውስጥ ምንም የለም። የቀኙ ግን ዝጎ ነበር፤ ካቻቢቴው ሸርተት ብሎ ብረቱን ጫረው።

«ኧረ ይተዉት! በእኔ ምክንያት አበላሹት!» አለ ሌናርድ።

«ዝም በል አንተ! አንዴ ከተበላሸ ወዲያ ምን እፈራለሁ?»

ብሎኑ ወጣ። ባግናል እንጨቱን ገልብጦ አላየውም፤ እንዳለ ለሌናርድ ሰጠው። በደብዛዛ እርሳስ፣ በትንንሽ ክብ ፊደል፦ «ዊኒ ፒ.፣ ማርች 9፣ 1938»።

ሌናርድ አለቀሰ፤ ስቅስቅ ብሎ። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የእናቱን እጅ ጽሑፍ ሲያይ ገና የመጀመሪያው ነው።

«መቼ ተወለድክ?» አለ ባግናል።

«በዚያው ዓመት፣ በሜይ።»

ሽማግሌው በጣቱ ወራቱን ቆጠረ። «እንግዲያማ ብቻዋን አልገጠመችውም። አንተም ሆዷ ውስጥ ሆነህ እዚያው ነበርክ።»

ሌናርድ የሽማግሌውን እጅ ከነካቻቢቴው በሁለት እጁ ጨብጦ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለ ቀረ።