እፀገነት የመረጠችው የጨው መለኪያ

የኋላሸት ጉድጓድ በሚያስቆፍር አንድ ድርጅት ውስጥ የውኃ ጥራት ባለሙያ ነው። ያን ቀን ከዝቋላ ወረዳ ገጠር አምስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ወደሚያድርባት ከተማ ወደ ጽጽቃ ገባ። ገጠር ሳለ አባ ወልደ ጻድቅ የሚባሉ ሽማግሌ «አዲሱ ጉድጓድ ጨው ጨው ይላል፤ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?» ብለው ጠይቀውት ነበር። የያዘው የጨው መለኪያ ግን ውኃው ውስጥ በነከረው ቁጥር የተለያየ አኃዝ እያሳየ አስቸገረው።

«ናሙናውን ሰቆጣ አስመርምሬ አሳውቅዎታለሁ» አላቸው።

«እስከዚያስ ምን እንጠጣ ልጄ?» ሲሉት የናሙናውን ጠርሙስ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ ስልኩ ጠራ። ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቱ እፀገነት ናት።

«ድምፅህ ደክሟል፤ ደህና ነህ?»

«መንገድ ነው። አንቺስ?»

«ዓሣዎቹ እየሞቱ ነው።»

አሠሪዋ ሳሎኗ ውስጥ በመስታወት ገንዳ የባሕር ዓሣ ታረባለች። ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው የጨው መለኪያ ሁልጊዜ «ጨው አንሷል» ይላል፤ እፀገነትም በታዘዘችው መሠረት ጨው በጥብጣ ትጨምራለች። ሦስት ዓሣ ሞቷል። ዛሬ አሠሪዋ ሱቅ ወስዳት «የምትለኪው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ምረጪ» ብላ ትታት ሄዳለች።

«ሦስት ዓይነት መለኪያ አለ» አለች። «አንዱ እንደ ድሮው የሚንሳፈፍ ነው። አንዱ እስክሪብቶ መሳይ፣ በባትሪ የሚሠራ። አንዱ ደግሞ ውኃውን ጠብ አድርገህበት፣ ወደ ብርሃን አዙረህ በዓይንህ የምታነበው። ሻጩ እስክሪብቶውን ውሰጂ ይላል።»

«የድሮው ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል?»

«አዎ። ብፍቀው ይሰበራል ብዬ ፈራሁ።»

«እሱ ነው የዋሸሽ። ጨው ሲጋገርበት ይከብድና ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ውኃው ጨው ያነሰው ይመስላል። በጨው ላይ ጨው ስትጨምሪ ነው የከረምሽው።»

«እኔ ነኝ እንግዲህ የገደልኳቸው» አለች።

«ማን አሳየሽና?» አለ የኋላሸት። «እስክሪብቶውን ተይው። የእኔም እንደሱ ነው፤ ልክ መሆኑን የምፈትሽበት ፈሳሽ ካለቀብኝ ወዲህ ይቀባዥራል። በዓይን የሚነበበውን ያዢ። መጀመሪያ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውኃ ጠብ አድርጊበት፤ ዜሮ ካላለ ብሎኑን አዙረሽ አስተካክይ። በለካሽ ቁጥር እጠቢው።»

በማግሥቱ በገዛችው መለኪያ ስትለካ፣ በሊትር ሠላሳ አምስት ግራም መሆን የነበረበት ጨው አርባ ሁለት ሆኖ አገኘችው። የኋላሸት እንደነገራት በየቀኑ ከገንዳው ጥቂት እየቀዳች በምትኩ ጨው የሌለው ውኃ አደረገች።

በሳምንቱ የሰቆጣው ውጤት መጣ፤ የጉድጓዱ ውኃ ለከብት ይሆናል፣ ለሰው ግን ጨዉ በዝቷል። ያንን ለመንገር የኋላሸት አምስቱን ሰዓት እንደገና ተጓዘ። አባ ወልደ ጻድቅ ሰምተውት ሲያበቁ «እንግዲያ ሴቶቹ ወደ ወንዙ ይመለሱ» አሉ እንጂ አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ሲመለስ ዳገቱ አናት ላይ እፀገነት ደወለች። የቀሩት ዓሣዎች መብላት ጀምረዋል።

«ሴትየዋስ ምን አለች?»

«ምንም። የእህቷ ቤትም ገንዳ አለ፤ ከነገ ጀምሮ እሱንም እኔ ነኝ የምለካው።»

የኋላሸት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ሥራ ጨመርኩብሽ» አላት።