ጣውንቶቹ ሉጋያን እንዴት እንደመረጡ

አጎቴ ሐጂ ቡህ ባረፉ በዓመቱ ሁለቱ ሚስቶቻቸው ባሕር ጠረፍ ወርደን አንድ ቤት ውስጥ እንኖራለን ብለው ተነሡ። የሐርጌሳ ሰው ጉድ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ግቢ ለይተው የኖሩ ጣውንቶች፣ ባል ሲሞት አንለያይም አሉ!

ነገሩ ግን ድንገት የመጣ አልነበረም። አጎቴ ስምንት ወር ሙሉ ሰውነታቸው አልታዘዝ ብሎ ሲተኙ፣ አንዷ ስታጥብ ሌላዋ ስታገላብጥ ነው የተላመዱት። ትልቋ ሻምሶ ሼኽ የምትባለው ከተማ ደገኛ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ብርድ ይቆረጥማቸዋል። ትንሿ ኤብላ የዘይላ ልጅ ናት፤ ባሕር ባሕር ካለች ቆይታለች።

የሻምሶ የበኩር ልጅ ሊበን ጠራኝ።

«ሮብሌ፣ አንተው በመኪናህ አድርሳቸው» አለኝ። «በሐምሌ ውሰዳቸው፤ ጠረፉ የሚነደው ያኔ ነው። ሙቀቱንና አሸዋውን ሲያዩ ራሳቸው መልሰን ይሉሃል። ሰው እናቶቹን አባረረ እንዲለኝ አልፈልግም።»

እሺ አልኩት። ለነገሩ እኔም ሐሳቡ ዕብደት ነው የመሰለኝ።

መጀመሪያ በርበራ ገባን። ከግማሽ በላይ ሕዝቡ ሙቀቱን ሸሽቶ ደጋ ወጥቷል፤ በሩ ሁሉ ተቆልፏል።

«ባለቤቱ የሚሸሻትን ከተማ እኔ ምን ቆርጦኝ እገባባታለሁ?» አሉ ሻምሶ። በማግስቱ የባሕሩን ዳር ይዘን ወደ ምዕራብ ሄድን። ቡልሐር የምትባለው ከተማ ከቆመው ቤት የፈረሰው ይበዛል። ከመኪናም አልወረዱም።

ሉጋያ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ስንደርስ የመኪናዬ ውሃ ፈላ። ዳሃቦ የምትባል ሻይ ሻጭ ዳሷ ሥር አስገባችን።

«እህትማማች ናችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«ባል የተካፈልን ነን» አሉ ሻምሶ።

«ታዲያ ማን የተሻለውን ወሰደ?»

«እትዬ ጥርስ ያለውን ወሰዱ» አለች ኤብላ፤ «እኔ የቀረውን።»

ሻምሶ ነጠላቸው ከራሳቸው እስኪወርድ ሳቁ። አጎቴ ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየኋቸውም ነበር። ዳሃቦ የተጠበሰ ዓሣ ስታቀርብ ግን ፊታቸውን አዞሩ።

«ዓሣ የሚበላው ግመል ያጣ ነው።»

«የእርስዎ ግመሎች የታሉ ታዲያ?» አለች ዳሃቦ። «መኪናው ላይ አላየኋቸውም።»

ሻምሶ በሻይ ዳቦ በሉ። መኪናው ሲበርድ ወደ ዘይላ ቀጠልን።

ዘይላ የኤብላ ወንድም ኢጋል ፍየል አርዶ ተቀበለን። የቤቱ ሰዎች ኤብላን አቅፈው አለቀሱ። ሻምሶን ግን ዳር ላይ ለብቻቸው ምንጣፍ አነጠፉላቸውና «እንግዳዪቱ» ይሏቸው ጀመር። የኢጋል ሚስት ወጥ ስታወጣ፣ «ሃያ ስድስት ዓመት እህታችንን ሁለተኛ አድርገዋት» ብላ አጉረመረመች። ሁላችንም ሰማን። ኢጋልም ለእህቱ ያዘጋጃትን ክፍል እያሳየ፣ «እትዬም ሊጠይቁሽ ሲመጡ ማረፊያ አያጡም» አላት።

በሦስተኛው ቀን ሻምሶ ወደ መኪናው ጠሩኝ።

«እኔን ሐርጌሳ መልሰኝ። እሷ እዚሁ ትቅር፤ አገሯ ነው። ልጆቼ ናፈቁኝ እላታለሁ። አንተ ምንም እንዳትተነፍስ።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ወዲያው ለሊበን ደውዬ፣ እናትህ ሊመለሱ ነው አልኩት።

ልንነሣ ስንል ኤብላ ጓዟን ተሸክማ መጣችና ኋላ ላይ ወረወረችው። ኢጋል፣ «ወዴት ነው?» ቢላት፣ «እትዬን ልሸኝ» አለችና ገብታ በሩን ዘጋች። ከከተማው ወጣን።

«እትዬ፣ ደንቆሮ እመስልዎታለሁ?» አለች ኤብላ።

«ምን አልኩሽ?»

«የልብዎን አላሉም። እሱ ነው የከፋኝ። ወንድሜ ቤት እኔ እህት ነኝ፣ እርስዎ ጣውንት። ሼኽ ብንወጣ ደግሞ ጣውንቷ እኔ ነኝ። ለሁለታችንም ዘመድ የሌለን ቦታ ነው የሚበጀን።»

«እናትሽ የተቀበረችበትን አገር ትተሽ?»

«እናቴ የትም አትሄድ። ስትናፍቀኝ መኪና አለ።»

ሻምሶ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ቆይተው፣ «ይኼ ልጅ መስኮቱን አይዘጋም? አሸዋ ጨረሰን እኮ» ብለው ተቆጡኝ። መስኮቱ ግን ተዘግቶ ነበር።

ሉጋያ ስንመለስ ኤብላ የሚከራይ ቤት ጠየቀች፤ ዳሃቦም አንድ ባዶ ቤት አሳየችን፤ ሁለት ክፍልና ትንሽ ግቢ። ሻምሶ እየዞሩ ይጠይቋት ጀመር።

«ውሃውስ?»

«የጉድጓዱ ጨው ነው። የሚጠጣው በአህያ ይመጣል።»

«ሐኪም?»

«የለም። አንዲት አዋላጅ አለች፤ እሷም ሠርግ ካለ አትገኝም።»

«ሰው ሲሞት ማን ያጥባል?»

«እኔና መስጊዱ አጠገብ ያለችው ጎረቤቴ።»

«አንዱን እንኳ አሳምረሽ ብትነግሪኝ ኖሮ አልገባም ነበር» አሉና ነጠላቸውን ግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀሉ።

ሊበን እንደሰማ በስልክ ስድብ አወረደብኝ። አምስት ወር ሙሉ እናቱንም እኔንም አኮረፈ። ከዚያ አንድ ዓርብ ሳይናገር መጥቶ ጣራውን አደሰና ሄደ።

የመጀመሪያው የሙቀት ወራት ከባድ ነበር። ሻምሶ ሙቀቱ ሁለቴ ጣላቸው፤ ኤብላ እርጥብ አንሶላ እያለበሰች አስታመመቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሐምሌና ነሐሴን ሁለቱም ደጋ ይወጣሉ። የጠረፉ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ሻምሶ በርበራን የነቀፉበትን ቃል አሁን አያነሱትም።

ባለፈው ወር ቆርቆሮ ጭኜ ስሄድ ተኳርፈው አገኘኋቸው። ኤብላ በባሕሩ በኩል በር ይከፈት ትላለች፤ ሻምሶ ነፋስ ይገባል ብለዋል። ለሁለት ቀን እርስ በርስ የሚነጋገሩት በዳሃቦ በኩል ነበር።

«ለዚያች ሴት ንገሪያት፣ ጨው ልካ ትጨምር» ይላሉ ሻምሶ፣ ኤብላ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጣ እያለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻምሶ መዶሻውን አንስተው ሰጡኝ። «ክፈትላት» አሉ፤ ወደ ገበያም ወጡ። ግድግዳውን አፍርሼ መቃኑን ሳቆም ዋልኩ። ሲመለሱ በሩ መሐል ቆመው ባሕሩን አዩ፤ በሩንም በክንዳቸው ለኩት።

«ጠባብ ነው» አሉኝ። «አስፋው።»