ሦስት ጊዜ የተለካ ኩላሊት

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለእኔ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በአልትራሳውንድ ክፍል ስሠራ ፊቴን እንደ ግድግዳ ማድረግ ተምሬያለሁ፤ ቤት ስገባ ግን ሆዴ ውስጥ የዋለውን ሁሉ እዘረግፈዋለሁ። አንድ እሁድ ምሳ ላይ፣ "ጤነኛ ኩላሊት አንዴ ለክቼ አልፈዋለሁ፤ የተጎዳ ሲገጥመኝ ግን ዓይኔን ስለማላምን ሦስቴ እለካለሁ። ማሽኑ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ሲል ብትሰሙት!" ብዬ አሳቅኋቸው። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ወንድም ጋሼ ነበር።

ዛሬ እሱ ራሱ የመመርመሪያ ክፍሌ አልጋ ላይ ተንጋሏል። የታናሻችን የሚጣ ኩላሊቶች ከደከሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው። የእኔ ደም አልገጠማትም፣ የእሱ ገጠመ፤ አንዱን ሊሰጣት ቆርጧል። ቀጣዩ ምርመራ ይኸው ነው፦ መርፌ የለው፣ ምላጭ የለው፣ ቅባትና ስክሪን ብቻ። ተረኛዋም እኔ ብቻ ነኝ። ሚጣ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ትጠብቃለች።

"ኧረ ይቀዘቅዛል! ሾፌር ነው ብለሽ ግሪስ ቀባሽኝ እንዴ?" አለኝ።

"ቀልዱን ተወውና ትንፋሽህን ያዝ።"

መመርመሪያውን ጎኑ ላይ አሳረፍኩ። ኩላሊቱ ብቅ ሲል እጄ ቆመ። አሥራ አንድ ሳንቲ ገደማ መሆን ሲገባው ጫጭቷል፤ ጠቆር ማለት የነበረበት ዳር ዳሩም ነጥቷል። ለካሁት። ጢጥ። ስምንት አይሞላም። ልኬቱን አጥፍቼ እንደገና ለካሁ። ጢጥ። ያው ነው። የታመመ ሰው እንዲህ ይስቃል? በእሱም፣ በማሽኑም፣ በራሴም ተናደድኩ።

ጣቴ የመለኪያው ቁልፍ ላይ ቀረ። ብጫነው ያውቃል፤ ካልጫንኩትም ዝምታዬ ይነግረዋል። እሱም ትንፋሹን እንደያዘ ነው፤ ተንፍስ ማለቱን ረስቼዋለሁ።

"ተንፍስ" አልኩት።

"ሦስተኛውን ጨርሺው" አለ ቀስ ብሎ።

"ወንድም ጋሼ . . ."

"ጫኚው እንጂ፤ ሥራሽ አይደል?"

ጫንኩት። ጢጥ አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ለሚጣ እንዳትነግሪያት። ኩላሊቱ አልተስማማም በያት፣ በቃ። ለእኔ ስታለቅስ የራሷን ትረሳለች።"

"ውጤት የሚናገረው ሐኪሙ ነው" አልኩት። ለማላውቃቸው ሰዎች የምለው ይህንኑ ነው። ለወንድሜ ስለው አፈርኩ።

ቅባቱን ጠራረግኩለት፤ ሸሚዙን ቆለፈ። የግድግዳ ፊቴን ለብሼ በሩን ከፈትኩ። ሚጣ ግን እኔን አላየችኝም። የምታየው ከኋላዬ የቆመውን ወንድሟን ነበር፤ ሦስት ጣቶቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተዋል።

በሩ ስስ ነው። ያን እሁድ ደግሞ እሷም ከእኛ ጋር ምሳ በልታለች።

ቦርሳዋን ከአግዳሚው አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

"ና፣ ወንድም ጋሼ" አለችው፣ "አጠገቤ ተቀመጥ።"