ሞፈር ያልገባበት ማሳ

ወለተ ሐና የላሟን ገመድ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ኋላ ተንጠለጠለች፤ ላሟ ግን ወይ ፍንክች። አፏን እስከ ዓይኗ ገለባው ውስጥ ቀብራ፣ አንዱን ጉርሻ ሳትውጥ ሌላውን ትለቅማለች። ሌሊት የታሰረችበትን ችካል ነቅላ፣ የእሾህ አጥሩን ደርምሳ ነው ማሳው ውስጥ የገባችው። ከጥጉ የአንድ ጎጆ ወለል የሚያህል ቦታ ገለባው ተበልቶ አፈሩ ራቁቱን ቀርቷል።

"ተይ እንግዲህ፣ ተይኝ" ብላ ለመነቻት። ልመናው አልሆን ሲል በበትሩ አንድ ጊዜ መታቻት። በትሩ ያረፈው አጥንት ላይ ነበር፤ ድምፁን ስትሰማ ወለተ ሐና የገዛ ጎኗ የተመታ መሰላት። ከዚያች ከሲታ ላም ላይ የከበደው ሆዷ ብቻ ነው፤ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። እንደ ምንም ጎትታ አወጣቻትና ወይራው ሥር አስራት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ገና ጧት ነው፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ስታጭድ እንደዋለ ሰው ደክሟታል።

ሰኔ ሚካኤል ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ዝናቡም የለ። በልጉም ቀርቷል። በመንደሩ የብዙው ሰው ገለባ ያለቀው በግንቦት ነው፤ የተኛበትን የገለባ ፍራሽ ቀዶ ለከብቱ ያበላም ሰው አለ። የወለተ ሐና ገለባ ግን ላሟ በረሀብ እያየችው ለአፈር ተነጥፎ ይቀመጣል። ይህን የሰማ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም።

ነገሩ የቆየ ነው። ባሏ ሲሞት የተረፋት ከአሸተን ተራራ ግርጌ ያለችው ይህች ቁራጭ መሬትና አንዲት ጊደር ናት። በዚያ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፤ ሞፈር ግን አትጨብጥም። ስለዚህ የባሏ ታናሽ ወንድም የሻው በበሬዎቹ እያረሰ የምርቱን ግማሽ ይወስድ ነበር፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ፋሲካን አያሻግርም። ከሦስት ዓመት በፊት ፀደይ የምትባል ወጣት የግብርና ባለሙያ ወደ ቀበሌው ተመድባ መጣች። "አፈሩን አትገልብጡት፣ ልብስ አልብሱት። ገለባ አንጥፉበትና በእንጨት ጫፍ እየቀደዳችሁ ዝሩ፤ የቀረውን ትሉ ያርስላችኋል" ብላ ገበሬዎቹን ሰብስባ አስተማረቻቸው። ወንዶቹ ሳቁ። ወለተ ሐና አልሳቀችም፤ ከዚያ ሁሉ ትምህርት ውስጥ እሷ የያዘችው በሬም የሚያርስ ሰውም እንደማያስፈልግ ብቻ ነበር።

"ሰርግ ነው እንዴ? ይኸ ሁሉ ጉዝጓዝ ለማን ነው?" እያሉ ቀለዱባት። አዝመራ ከተነሳ በኋላ ማሳ የሁሉም ከብት መዋያ ነው፤ እሷ በእሾህ ስላጠረችው ሰላምታ የነፈጓት ጎረቤቶችም አሉ። በመጀመሪያው ዓመት አይጥ ገለባው ሥር ገብቶ ባቄላዋን ፈጀው። በሁለተኛው ዓመት ግን ገብሱ ያዘላት፤ እስካሁንም ከጎታዋ አላለቀም። ፀደይ የሞዴል አርሶ አደር የምስክር ወረቀት አሰጥታ፣ ፎቶ አንስታት፣ በጥቅምት ወደ ፍላቂት ከተማ ተዛወረች። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ አለ። ላም ግን የምስክር ወረቀት አትበላም።

ልጇ አልጣሽ ሆዷን በእጇ ደግፋ ከቤት ወጣች። የመጀመሪያ ልጇን በወጉ በእናቷ ቤት ልትወልድ ከባሏ አገር ከሙጃ የመጣችው በዚህ ወር ነው።

"እማ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? አንሽውና ስጫት እንጅ።"

"ካነሳሁት ይኸ ፀሐይ በሦስት ቀን አፈሩን ድንጋይ ያደርገዋል። ባቄላው ከሥር በቅሏል እኮ።"

"ላሟስ ብትሞት? አራስ ቤት ስገባ ቅቤው ከየት ሊመጣ ነው? ደረቅ ገንፎ ልታበይኝ ነው?"

ወለተ ሐና ወደ ማሳው ገባች። ልጇ እውነቷን ነው፤ እናት ሆና ለልጇ አራስ ቤት ቅቤ ማጣት ያሳፍራታል። ጎንበስ ብላ አንድ እቅፍ ገለባ አነሳች። ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁርና እርጥብ ነው፤ መንደሩ ሁሉ አቧራ በሚቅምበት ሰሞን እዚህ የባቄላው ቡቃያ ጎብጦ ብቅ ብሏል። ገለባውን መልሳ አለበሰችው።

በዚህ መካከል የሻው በአጥሩ ክፍተት ገብቶ መጣ።

"እንደምን አደርሽ፣ እቴ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደርህ?"

የሻው ቁጢጥ ብሎ እጁን ገለባው ሥር ሰደደ። አንድ ጭብጥ አፈር አወጣ፣ በጣቶቹ አሸና አሸተተው። ያኔ ከሁሉ ቀድሞ የሳቀባት እሱ ነበር፤ ዛሬ አፈሩን ጥሎ እጁን ሲያራግፍ ፊቱ ላይ ሳቅ የለም።

"ላምሽ የምትሰነብት አይመስለኝም" አለ።

"አይቻለሁ።"

"እኔ ዘንድ ሁለት ክምር ገለባ አለ። አንዱን ላምጣልሽ። አንች ደግሞ መሬቱን ለሁለት ዓመት በእኩል ስጭኝ። የወንድሜ መሬት ነው፣ ባዳ አልሆንብሽም።"

"ልታርሰው?"

"ታዲያ ቁጭ ብዬ ላየው ነው? ይኸን የመሰለ አፈር ማረሻ ቢያገኝ ምን እንደሚሰጥ እኔ አውቃለሁ።"

ወለተ ሐናም ታውቃለች። አንድ ዓመት ይሰጣል። ከዚያ የለፋችበት አፈር ተገልብጦ ፀሐይ ይመታዋል፣ ጎርፍም ጠርጎ ወደ ወንዙ ያወርደዋል፤ እሷም ፋሲካን ወደማያሻግረው ግማሽ ትመለሳለች።

"እሽ በይው እማ" አለች አልጣሽ።

እሽ ማለቱ ቀላል ነበር። ጭንቀቱ ሁሉ ዛሬውኑ ይቀልላት ነበር፤ ከላሟ ጋር ትግሉ፣ ሽሙጡ፣ አጥር መጠገኑ። ተነሳችና ወደ ወይራው ሄዳ ገመዱን ፈታች። ላሟን እየሳበች መጥታ ገመዱን ለየሻው ዘረጋችለት።

"መሬቱን አልሰጥህም። እሷን በርቢ ውሰዳት።"

"በርቢ?"

"አንተ ትቀልባታለህ። የምትወልደው እኩል ለእኩል፤ ወተቱ ያንተ ነው።"

የሻው ላሟን ዞሮ አያት። የጎድን አጥንቷን በመዳፉ ዳበሰ፣ ሆዷን ጫን አድርጎ ጥቂት ጠበቀ።

"ብትሞትብኝስ?"

"ከሞተች ሞቷ የሁለታችን ነው። ለአልጣሽ አራስ ቤት ግን አንድ ቅል ቅቤ ትሰጠኛለህ።"

"ይኸን እናያለን" አለና ገመዱን ተቀበላት።

አልጣሽ ፊቷን አዞረች። "ለአፈር ብለሽ ቅቤዬን ሰጠሽው" አለች በቀስታ። ወለተ ሐና ልትመልስላት ፈልጋ ነበር። የምትወልጅውም ልጅ ከዚህ አፈር ነው የሚበላው ልትላት አሰበች፤ ግን እንደዚህ ያለ ቃል ሆዱ ለባሰው ሰው ምን ያደርግለታል ብላ ተወችው።

ላሟ ለየሻው አልሄድ አለች። እሱ ሲስብ እሷ አራት እግሯን ተክላ ወደ ወለተ ሐና ዞረች። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ እምቢ አለች። ወለተ ሐና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከኋላ ሆና ገፋቻት። እንዲህ እየሳበና እየገፋች ዳገቱን ወጡ። ሰው የገዛ ላሙን ገፍቶ ወደ ሌላ ሰው በረት ሲወስድ ሆዱ ይባባል፤ የወለተ ሐናም እንባ መጣ፣ እጇ ግን ላሟ ላይ ስለነበር አልጠረገችውም።

የሻው ግቢ በር ላይ ሲደርሱ ላሟ ክምሩ ሸተታት። መገፋት አላስፈለጋትም፤ ገመዱን ከየሻው እጅ መንጭቃ ገባችና ራሷን ገለባው ውስጥ ቀበረች። ወደ ኋላም አላየች።

"ግቢ እንጅ፣ ጠላ ቅመሽ" አላት የሻው።

"አይ፣ ገና ያልዘራሁት ባቄላ ቀርቶኛል። ፀሐዩ ሳይበረታ ልውረድ።"

አለችና የግቢውን በር ከውጭ ሆና ዘጋችው።